የእንጉዳይ ስልሳ ሁለት ምልክቶች

ሐዋሳ ፒያሳ የሚሠሩ የባጃጅ ነጂዎች ሳያትን በስሟ አይጠሯትም። «እንጉዳይ፣ ግቢ እናድርስሽ» ነው የሚሏት። ዕድሜው ከሃያ አምስት ያለፈ ነጂ ሁሉ ያውቃታል፤ ልጆቹ ደግሞ ታላላቆቻቸው ሲጠሯት ሰምተው ይጠሯታል። እሷም ፈገግ ብላ ትገባለች። መንገዱ ሳይጋመስ ነጂው በመስታወቱ እያያት አንድ ነገር ይላታል፤ ሁሉም የሚሏት ያንኑ ነው።

«ለካ ትናገሪያለሽ።»

ነገሩ እንዲገባን አሥራ አራት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ሳያት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች «አምስተኛው ዴስክ» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ተጫወተች። ድራማው የተቀረጸው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየታየ ሦስት ዓመት ቆየ። ታሪኩ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ታሪክ ሲሆን፣ አምስተኛው ዴስክ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ መስማት የተሳናት ልጅ ነበረችበት። ከየት መጣች ሳይባል አንድ ጠዋት ብቅ ስላለች የክፍሉ ልጆች «እንጉዳይ» ብለው ስም አወጡላት። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ከሳያት አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም። ሳቁንም፣ ለቅሶውንም፣ ኩርፊያውንም የሠራችው በዓይኗና በእጇ ነው፤ ሰውም የወደደው ያንን ነው። ቅዳሜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥን በሌላቸው ጎረቤቶች ልጆች ይሞላ ነበር። ሰኞ ደግሞ የከተማው ተማሪ በእንጉዳይ ምልክት ሲነጋገር ይውላል።

ምልክቶቹ ስልሳ ሁለት ነበሩ። ሳያት እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። ሁለት ጣት ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ውሃ ነው። መዳፍ ግንባር ላይ ሲለጠፍ እናት ነው። ሁለቱን እጆች ብብት ውስጥ ከትቶ ትከሻን መነቅነቅና ቅንድብን ማንሳት «በረደሽ?» ማለት ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ለዓይን የሚጥሙ፣ አንዴ ያያቸው ሰው የማይረሳቸው። ችግራቸው አንድ ብቻ ነበር። ስልሳ ሁለቱንም የፈጠሯቸው ሳያትና የድራማው አዘጋጅ ፍቅሬ ናቸው፤ ካሜራው እስኪስተካከል ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው። አንድም መስማት የተሳነውን ሰው የጠየቀ አልነበረም። አንድ ቀን ሳያት፣ እውነተኞቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው ወይ ብላ ፍቅሬን ጠየቀችው። ፍቅሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ጊዜ አልነበረውም።

«የሚያየን የሚሰማ ሰው ነው፣ የኔ ልጅ» አላት። «ማን ያውቅብናል?»

ያወቁባቸው ድራማው ሊያልቅ ሲል ነው። ከሐዋሳ ራቅ ያለ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን እንጉዳይን በእንግድነት ጠራ። ሳያት መድረክ ላይ ወጥታ የሁለት ደቂቃ ንግግር በእጇ አደረገች። ሁለት መቶ የሚሆኑ ልጆች ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። በክፋት አልነበረም። አንድ የተከበረ እንግዳ ፊታችን ቆሞ ትርጉም የሌለው ድምፅ እየደረደረ በቁም ነገር ንግግር ቢያደርግ እኛም እንስቃለን። አስተማሪያቸው ክንዷን ይዛ ቀስ ብላ አወረደቻትና፣ ልጆቹ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ነገረቻት። ሳያት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በመልሱ መንገድ እጆቿን ጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠች፤ ሐዋሳ እስክትገባ አላወጣቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ድራማ አልመጣላትም። ለሥራ የሚጠሯት ሁሉ የሚፈልጉት ዝም የምትለዋን ልጅ ነበር፤ አፏን ስትከፍት «ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ» ብለው ይቀራሉ። መሃል ከተማ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና መታወቂያ በላስቲክ መለበጥ ጀመረች። እናቷ በስልክ ባገኘቻት ቁጥር፣ እነዚያ የፊልም ሰዎች አልደወሉም ወይ ብላ ትጠይቃት ነበር። አልደወሉም።

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ባለቤቱ ማርቆስ ይባላል፤ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቤቱን ሲዘጋ ደጁ ላይ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ እጃቸው አያርፍም፣ ከዚያ ተያይዘው ወደ ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ። ሳያት ከመስኮቷ ሆና አንድ ዓመት ሙሉ አየቻቸው። አንድ ቅዳሜ ግን መንገዱን ተሻግራ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ብላ የጻፈችበትን ወረቀት ለማርቆስ ሰጠችው። ማርቆስ ወዲያው አወቃት። አንድ እጁን ጨብጦ የሌላውን መዳፍ እንደ ባርኔጣ ደፋበት። እንጉዳይ ማለቱ ነው። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ቁራጭ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ ጻፈላት።

«እጆችሽ ውሸታም ናቸው። ማስተማር ይቻላል። የሚመጣው ቅዳሜ ነይ።»

ያ ኮምፔንሳቶ እስከ ዛሬ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የቅዳሜው ኅብረት አርባ ያህል ሰው ነበረው። ከቤተክርስቲያኑ በስተኋላ ባለው አዳራሽ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የሁሉንም እጅ ማየት ስላለበት ሌላ አቀማመጥ አይሆንም። ሳያት እዚያ ክብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀመጥ፣ ከሁሉም መካከል ምንም የማትሰማ እሷ ብቻ ነበረች። አርባ ሰው ይቀልዳል፣ ይከራከራል፣ ይጸልያል፤ እሷ ግን የአንዱንም የሌላውንም ፊት እያየች ትስቃለች፣ ሰው ሲስቅ። ሦስት ዓመት የተጫወተችውን ብቸኝነት በደንብ ያገኘችው ያን ቀን ነው።

ግን ቋንቋው ያዛት። ደግሞም የሚይዝ ቋንቋ ነው። ከብዙው አንዱን ብቻ እንይ። የሰው ስም ወይም እንግዳ ቃል ሲመጣ በጣት ይጻፋል። ለ«በ» አንድ የእጅ ቅርፅ አለ፤ «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ» ለማለት ግን ቅርፁ አይለወጥም፣ እጁ በተለያየ አኳኋን ይንቀሳቀሳል እንጂ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ሰባት እንቅስቃሴ ሆነው ተቀምጠዋል። ልጅ ሆነን በዜማ የቆጠርነው ሀሁ አየር ላይ ሲራመድ ማየት ማለት ነው። ሳያት ይህ የገባት ዕለት ከት ብላ ሳቀች፤ ማርቆስም ምን ነካት ብሎ ሥራውን አቁሞ አያት።

እምነቱም የመጣው በዚያው መንገድ ነው፣ ቀስ ብሎ። ወደ ሁለተኛው ዓመት ገደማ አንድ ቅዳሜ ማርቆስ፣ ጌታ መስማት የተሳነውን ሰው ስለፈወሰበት ቀን አስተማረ። ሰሚዎች ከዚህ ታሪክ የሚወዱት መጨረሻውን፣ የጆሮውን መከፈት ነው አለ በእጁ። እኛ የምንወደው መጀመሪያውን ነው። ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ በእጁ አናገረው። ሳያት ያን ቀን ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነገር ስትጠየቅ አታስረዝምም። «ለብቻዬ ወሰደኝ» ትላለች፣ በቃ።

ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጽሕፈት ቤቱን ትታ የሙሉ ጊዜ አገልጋይ ከሆነች አምስት ዓመት ሞላት። እሑድ ከሰባኪው በስተግራ ቆማ ስብከቱን በእጇ ትተረጉማለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የኅብረቱን ሰዎች ይዛ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ባንክ ትሄዳለች። የምትኖረው አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ነው፤ ብቻዋን።

ብቸኝነቷ የሚገርም ዓይነት ነው፤ ሰው አጥታ አይደለም። የሚሰሙት ምእመናን ይወዷታል፤ ግን የሚወዱት እንጉዳይን ነው። አንድ ጊዜ የወጣቶች ክፍል ለኮንፈረንስ ትልቅ ባነር ሊያሠራ አስቦ የሷን ፎቶ አስገባና፣ ዲዳ የነበረች እህታችን ዛሬ ትናገራለች የሚል ጽሑፍ አዘጋጀ። ዲዳ ሆኜ አላውቅም ብላ አስቀረችው። ከወጣቶቹ አንዱ፣ ታዲያ ምስክርነቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ቅር አለው። መስማት የተሳናቸው ወገኖቿ ደግሞ ያከብሯታል፣ ይፈልጓታል፤ ከአምልኮ በኋላ ጁስ ቤት ሲገቡ አትቅሪ ይሏታል። ይሁንና ጨዋታው ሲደራ አንዳንዶቹ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አውርደው ይነጋገራሉ። ሰሚ ሰው ድምፁን ቀንሶ ጆሮ ለጆሮ እንደሚያወራው ነው።

ስምም አለ። በኅብረቱ ሁሉም የምልክት ስም አለው፤ ሰው ለራሱ አያወጣውም፣ ኅብረቱ አይቶ ይሰጠዋል እንጂ። የማርቆስ ስም ከጆሮ ላይ እርሳስ ማውረድ ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የጋሽ ግዛቸው ስም መነጽርን በአንድ ጣት ወደ ላይ መግፋት ነው። የሳያት ቡጢ ላይ የተደፋ መዳፍ ነው፤ እንጉዳይ። ስድብም አልነበረም፣ ሙገሳም አልነበረም። አንድ ቀን ይቀይሩልኝ ይሆናል ብላ ስድስት ዓመት ጠበቀች፤ አልጠየቀቻቸውም።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ አንድ እሑድ ስብከቱ መሃል ላይ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተነሥታ በመተላለፊያው ወደ ፊት መጣች። የሹራቧ እጅጌ ላይ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ብልጭ ይላል። መድረኩ ሥር ቆማ ቡጢዋ ላይ መዳፏን ደፋች። ቀጥላ ሁለት ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ ለጠፈች፣ ከዚያ እጆቿ እየፈጠኑ ሄዱ። የሳያት እጆች ግን አየር ላይ ቆሙ። አርባውም ሰው ዞሮ አየ። በዚያ ምልክት ሳያትን ያናገራት ሰው ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ሴትዮዋ ካሰች ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከሳያት ጋር ይቀራረባል። ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ዓሣ እየላጠች ነው የምትተዳደረው። ወደ ቤተክርስቲያን ያመጣቻት አብራት የምትሠራ ሴት የቀረውን ለሳያት ነገረቻት። ካሰች ሕፃን ሆና ታማ ጆሮዋ ጠፋ፤ ትምህርት ቤት አልገባችም። ቤት ውስጥ በጥቅሻና በጥቆማ ትኖር ነበር። ከዚያ «አምስተኛው ዴስክ» መጣ። ታናሽ እህቷ ሃሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ቤት እጇን ይዛ ትወስዳታለች፤ ድራማው ሲያልቅ ሁለቱ ደጅ ተቀምጠው ያዩትን ምልክት ይለማመዳሉ። ስልሳ ሁለቱ ሲያልቁባቸው የራሳቸውን ጨመሩ። እንዲህ እያሉ አደጉ። ሃሴት ከዚያ እሑድ ሁለት ዓመት በፊት ታማ ሞተች።

ሳያት ማክሰኞና ሐሙስ አሞራ ገደል መውረድ ጀመረች። ካሰች ትልጣለች፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ረጃጅም እግራቸውን ተክለው አንጀቱን ይጠብቃሉ፤ ቢላዋው ሲያርፍ ጨዋታው ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳያት ሲሶውን ብቻ ነበር የምትረዳው። አምስት ወር ስትመላለስ የቀረውን ለመደችው፤ ቆጥራም አራት መቶ አሥር አደረሰችው። ምልክት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነበረው። እህትማማቾቹ ያለፈውን ነገር በግራ እጅ፣ ገና የሚሆነውን በቀኝ እጅ ይናገሩ ነበር። ማንም አላስተማራቸውም። ዛፍ ሥር በግዴለሽነት የተሠሩ ስልሳ ሁለት ምልክቶች በሁለት ልጆች እጅ ትናንትና ነገ ያለው ቋንቋ ሆነው ማደጋቸውን ሳያት ለማርቆስ ነገረችው።

ማርቆስ አልተደሰተም። ሁለት ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው፤ አንዷ ሞታለች አላት። የኛን አስተምሪያት፣ አርባ ሰው ታገኛለች። ሳያት እሺ አለችው። ግን አላስተማረቻትም። በሚቀጥለው ወር እያለች አዘገየችው። ምክንያቱን ለራሷም አልደበቀችም፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ዓሣ በሚሸት ድንጋይ ላይ፣ ተማሪም እንግዳም ሳትሆን የምትነጋገርበት ብቸኛ ቦታ ያ ነበር። እዚያ ካሰች እጇን ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

በነሐሴ ካሰች ለመጠመቅ ጠየቀች። አጥቢያው በዓመት ሁለት ጊዜ ሐይቁ ላይ ያጠምቃል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ተጠማቂ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ስለ እምነቱ በራሱ ቃል ይመልሳል። የራሱ ቃል የሚለው ላይ ጋሽ ግዛቸው አይደራደሩም፤ ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆነው ስለሠሩ በቃል የተሸመደደ መልስ ከሩቅ ያውቃሉ። ለማያነብና ለማይሰማ ሰው አስተርጓሚ ይፈቀዳል። አስተርጓሚም ሥርዓት አለው፤ «እሷ እንዲህ ትላለች» አይልም። እንደ ተናጋሪው ሆኖ «እኔ» ብሎ ይናገራል።

በመስከረም አንድ እሑድ ከሰዓት ቢሮው ውስጥ ተቀመጡ፤ ጋሽ ግዛቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የኅብረቱ መሪ ሆኖ ማርቆስ፣ ካሰችና ሳያት። ካሰች አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ጋሽ ግዛቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና፣ ጌታ ኢየሱስ ላንቺ ማነው ብለው ጠየቁ። ሳያት በእጇ አስተላለፈች። ካሰች መለሰች፤ ሳያት ድምፅ ሆነቻት፤ «እሷ» የምትባለው ራሷ ሳያት ናት።

«አላውቀውም። እሷ ታውቀዋለች። ደግ ነው ትለኛለች።»

አንደኛው ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ጋሽ ግዛቸው ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ታዲያ ለምን መጠመቅ ፈለግሽ አሉ። ካሰች ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው የቆየች ይመስል ፊቷ በራ። ረጅም መልስ ሰጠች፤ ግራ እጇ ብዙ ሠራ፣ ቀኝ እጇ በመጨረሻ ትንሽ ሠራ። ስትጨርስ ፈገግ ብላ ሳያትን አየቻት።

ሳያት ወዲያው አልጀመረችም። ክፍሉ ውስጥ ያን መልስ የተረዳች እሷ ብቻ ነበረች። ጋሽ ግዛቸው አያውቁትም። ማርቆስም ያን ምልክት አያውቅም። ትክክለኛውን መልስ ደግሞ በእንቅልፏም አታጣውም፤ ስንት ተጠማቂ ሲመልስ አስተርጉማለች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በሦስት ዓረፍተ ነገር ካሰች ውሃ ትገባለች፤ ማንንም አትጎዳም። ማን ያውቅብናል የሚለው የፍቅሬ ድምፅ፣ ያቺ የዛፍ ጥላ፣ ሁለት መቶ የሚስቁ ልጆች፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡባት። ከዚያ ተናገረች፣ አንድ በአንድ።

«እህቴ ሞተች። ሁለት ዓመት ማንም አላናገረኝም። ዓሣ ሲሰጡኝ እቀበላለሁ፣ ቢላዋ ሲሰጡኝ እቀበላለሁ። ሲስቁ አያለሁ፣ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ከዚያ እሷን አገኘኋት። ውሃ ውስጥ ከገባሁ የቤቱ ሰው እሆናለሁ። የቤቱ ሰው ከሆንኩ እሷ ትታኝ አትሄድም።»

ጋሽ ግዛቸው ወደ ሳያት ዞሩ።

«ይሄ ያንቺ ነው ወይስ የሷ?»

«የሷ ነው፣ ጋሽ ግዛቸው።»

«ምንም ሳትጨምሪ?»

«ምንም። እርስዎ የጠየቁትን ነው የመለሰችው።»

«ብትጨምሪበት ኖሮ አናውቅም ነበር» አሉ፤ የተናገሩት ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ይመስል ነበር። ከዚያ ውሳኔውን ነገሯቸው። መልሱ እውነተኛ መልስ ነው፣ የጥምቀት መልስ ግን ገና አይደለም። መጋቢት ላይ ትመለስ። ይህን ሲሉ ካሰችን እያዩ፣ በለሰለሰ ድምፅ ነበር፤ ግን ድምፅ ለካሰች ምኗ ነው። ጭንቅላታቸው ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አይታለች። ወደ ሳያት ዞረች።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አለች በእጇ።

«ያልሽውን።»

ካሰች ሻሿን አጠበቀች። «ሃሴት ብትሆን ታሳምርልኝ ነበር» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ማርቆስ ሳያትን ግቢው ውስጥ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆማ አገኛት። የተባለውን አልጠየቃትም። አፍሽ ሲዘገይ አየሁ፣ ከዚያ ሲሄድ አየሁ አላት። ቀጥሎ ያለውን ግን ቀስ ብሎ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያሳረፈ ነው የተናገረው።

«አፏ አንቺ ብቻ ከሆንሽ እስረኛ ናት፤ ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አስተምራታለሁ። እስክትለምድ ድረስ አሞራ ገደል አትውረጂ።»

ሳያት እሺ አለች። በሚቀጥለው ወር እያለች ያዘገየችውን ነገር አሁን ሌላ ሰው ሊሠራው መሆኑን እያወቀች ነው እሺ ያለችው።

ማርቆስ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሌላ ቁራጭ ኮምፔንሳቶና እርሳሱን ይዞ አሞራ ገደል ወረደ። የመጀመሪያ ቀን ካሰች ጀርባዋን ሰጠችው። ሁለተኛ ቀን የቆሮሶ ጭንቅላት ወረወረችበት። ሦስተኛ ቀን ዓሣ ሥሎ ቢያሳያት፣ ሥዕሉ አስቋት በራሷ ምልክት «ዓሣ» አለችው፤ እሱም በኅብረቱ ምልክት መለሰላት። እንዲህ ተጀመረ። በኅዳር ካሰች ቅዳሜ ክብ ውስጥ መቀመጥ ጀመረች። በጥር ጁስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ጋር ስትቀልድ ታየች። ለሳያት ሰላምታ ትሰጣለች፤ ሰላምታው ግን አዲሱ ሰላምታ ነው።

እነዚያን ወራት ሳያት ማክሰኞና ሐሙስ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ነበር። አንዳንድ ቀን በሐይቁ ዳር እስከ ሆቴሎቹ ድረስ ትሄድና ወደ አሞራ ገደል ሳትደርስ ትመለሳለች። በኋላ አንድ የሥዕል ደብተር ገዛችና አራት መቶ አሥሩን ምልክቶች እየሣለች ከሥራቸው ትርጉማቸውን መጻፍ ጀመረች። የረሳችው ሲገጥማት መስታወት ፊት ቆማ፣ ግራ እጇን ለትናንት ቀኝ እጇን ለነገ እያደረገች፣ እስክታስታውሰው ለራሷ ታወራለች። የሚመልስላት የለም። ሁለት መቶ ሰባኛው ላይ ደርሳለች።

በየካቲት በኅብረቱ ውስጥ የሳያት ስም ይቀየር የሚል ሐሳብ ተነሣ። ያነሣው ማርቆስ ነው። እጆችሽ ዛሬ ውሸታም አይደሉም፣ ስሙ አይመጥንሽም አላት አርባው ሰው እያየ። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነበር። ሳያት ግን ይቅር አለች። ካሰችና ሃሴት ደጅ ተቀምጠው የሚያውቋት በዚያ ስም ነው፤ እሱን ከተውኩ ሃሴት የምታውቀኝ አልሆንም አለች። ካሰች ከክቡ ወዲያ ማዶ ሆና አየቻት።

መጋቢት ላይ ያው ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። አሁን ካሰች የምትናገረውን ማርቆስም ይረዳዋል፤ ሳያት ብትጨምርም ብትቀንስም የሚያውቅባት አለ። ጋሽ ግዛቸው መነጽራቸውን ገፍተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ካሰች በኅብረቱ ቋንቋ፣ ገና ባልፈጠኑ ጣቶች መለሰች። ሳያትም እንደ ሥርዓቱ «እኔ» ብላ ድምፅ ሆነቻት።

«ማንም ሳያናግረኝ ያናግረኝ የነበረ እሱ ነው። ያን ጊዜ አላወቅሁም። የምታናግረኝ እሷ መስላኝ ነበር።»

ጋሽ ግዛቸው ጣታቸውን ከመነጽራቸው ላይ አወረዱ። ይሄ ያንቺ ነው ወይስ የሷ ብለው አልጠየቁም። ሳያትም አሁን ከአፏ የወጣውን ቃል ሰማችው፤ በራሷ ድምፅ።

ጥምቀቱ በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ሆነ። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጉማሬ አለመኖሩን አይተው ካረጋገጡ በኋላ ተጠማቂዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ካሰች አምስተኛ ነበረች። ጠልቃ ስትወጣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ዳር ላይ የኅብረቱ ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው አውለበለቡ፤ የእነሱ ጭብጨባ እንዲያ ነው። ሳያት ለካሰች ያመጣችውን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሳታስበው ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ቅንድቧን አነሣች፤ በረደሽ?

ካሰች አየቻት።

«ደህና ነኝ» አለች በኅብረቱ ምልክት፤ ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ እንደመጣላት ልብ ያለች አትመስልም። ከዚያ ፊቷን ወደሚያውለበልቡት እጆች አዞረች፤ እየሳቀች ወደ እነሱ ውሃውን እየገፋች መጣች።

ሳያት እጆቿን ከብብቷ አወጣች። ፎጣውን ለማርቆስ አቀበለችውና ከሌሎቹ ጋር እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።